ሐሞት ሲታገድ

አዲስ አበባ፣ ቀራንዮ ውስጥ የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን ጎረቤት ቀድሞ የሚለው «የወፍ በሽታ ነው» ነው። ስሚዛ ከአጥር ሥር ይቀነጠስና ተጨምቆ ይጠጣል። የተቆጣ ጉበት አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ይሽርና ምስጋናውን ቅጠሉ ይወስዳል። ቢጫነቱን ያመጣው የሐሞት ቱቦን የዘጋ ጠጠር፣ ቱቦው ውስጥ የገባ ወስፋት ወይም የቆሽት ዕጢ ከሆነ ግን ቅጠል አይከፍተውም። ሽንት እንደ ሻይ ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል፣ ገላን ያሳክካል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት ኢንፌክሽኑ ነገ ዛሬ የሚባልበት ጊዜ አይሰጥም።

የሐሞትና የቆሽት ቱቦዎች ወደ ትንሹ አንጀት የሚፈስሱባትን ጠባብ በር ጀርመናዊው አብርሃም ፋተር የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1720 ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በፈረንጆች ናቸው)። በ1887 ጣሊያናዊው ሩጄሮ ኦዲ በሯን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ጡንቻ አጠና። ወደ ቱቦው መድረሻው ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሆድን መቅደድ ነበር።

በ1968 ዋሽንግተን ላይ ያንን መንገድ በአፍ በኩል የሞከረው ዊልያም ማኪዩን ራሱ ቀዶ ሐኪም ነበር፤ ይህ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በኢንዶስኮፑ (በአፍ በሚገባው ማያ መሣሪያ) ጎን ቀጭን ቱቦ አስሮ በሯን ፈለገ፤ የተሳካለት ከአራት ሕሙማን በአንዱ ገደማ ነው። ጃፓኖች ወደ ጎን የሚያይና ቀጭኑን ቱቦ ቀና የሚያደርግ መሣሪያ ሠሩ። እንግሊዛዊው ፒተር ኮተን በ1971 ጃፓን ድረስ ሄዶ ሙያውን ቀሰመ። በ1974 የጀርመን ኤርላንገንና የጃፓን ኪዮቶ ሐኪሞች፣ በየፊናቸው፣ የኦዲን ጡንቻ በኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርጠው ጠጠር አወጡ። ማየት ብቻ የነበረው ሕክምና ሆነ።

ኢአርሲፒ የሚባለው ይህ ሥራ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራል፤ የሚሠሩት ሐኪሞች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በመጽሐፍ ብቻ አይለመድም። ከመቶ ታካሚ ከ3 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ቆሽትን ያስቆጣል፤ ስለዚህ ጀማሪው ለረጅም ጊዜ ከባለሙያ ጎን መቆም አለበት። ኮልፌ ቀራንዮ ይህን ዓይነቱን ትምህርት ያውቀዋል፦ በ1965 የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕክምናን ከመላው አፍሪካ ለመጡ ባለሙያዎች ያስተማረው እዚሁ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨጓራና አንጀት ሰብ ስፔሻሊስቶችን እያሠለጠነ ነው። ቀጣዩ ጥያቄ ከእነዚህ ስንቱ ኢአርሲፒን ጠንቅቆ ይወጣል፣ ስንትስ የመንግሥት ሆስፒታል መሣሪያውን ያቀርብለታል የሚለው ነው።