መሣሪያው ባለቤቱን ሲያስጠራ

በአገራችን ታሪክ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በሚያከብረው በዓል ዛሬም ፈረስና ፈረሰኛ አይነጣጠሉም። ፈረሱ ከታወቀ ባለቤቱ ታወቀ ማለት ነው። አሁን ግን በፈረሰኛው ኪስ ውስጥ ስም ያለው ሌላ ዕቃ ተጨምሯል። ይህኛው ስሙን የሚናገረው የባለቤቱን ፈቃድ ሳይጠብቅ ነው።

የሞባይል ስም ቁጥር ነው። *#06# ሲደወል የሚመጣው 15 አኃዝ አይኤምኢአይ ይባላል፤ የመጀመሪያዎቹ 8 አኃዞች የስልኩን ሥሪትና ሞዴል ያመለክታሉ። ስልኩ ከኔትወርክ ጋር ሲገናኝ ይህን ቁጥር ለኦፕሬተሩ ያስታውቃል። ኮምፒውተርም ማክ አድራሻ የሚባል የራሱ ቁጥር አለው፤ በተለመደው አሠራር ግማሹ የአምራቹን ማንነት ይናገራል። ይህ ቁጥር ግን ከራውተሩ ወዲያ አይሻገርም፤ ከቢሮው ውጭ ያለ ሰው አያየውም። ስለዚህ በ1988 እ.ኤ.አ. ኤስኤንኤምፒ የተባለ የመጠያየቂያ ደንብ ወጣ። የኔትወርኩ ኃላፊ ካለበት ሆኖ «ማነህ? ምን ዓይነት ነህ? ከተነሣህ ስንት ጊዜህ ነው? የትኛው መስመርህ ተቋረጠ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መሣሪያውም ይመልሳል። የተፈጠረው ለጥገና ነው።

ለጥገናው ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ የሚያስፈልገው አገር ጥቂት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳኔት በሳተላይት ሲዘረጋ ኮምፒውተርና ራውተር በመቶዎች ወደሚቆጠሩ ወረዳዎች ወረደ፤ ስኩልኔት ደግሞ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስገባ። ከባሕር ዳር እንጅባራ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በረሃማው ጃዊ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። ባለሙያው የተበላሸው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ከተነሣ፣ መለዋወጫ ለማምጣት ተመልሶ መሄዱ አይቀርም። የንብረት መዝገቡም አይረዳውም። በሞዴል 19 ገብቶ በሞዴል 22 ወጪ የሆነ ኮምፒውተር በወረቀት ላይ «1 ኮምፒውተር» ነው፤ ሜሞሪው ተነቅሎ እንደሆነ ወረቀቱ አያውቅም። ከሩቅ የሚጠይቅ ሥርዓት ግን ይህን ሊያውቅ ይችላል። የዳንግላ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ዕቃ የሕዝብ ገንዘብ ነውና በዚህ የሚጠቀመው ሕዝብ ነው።

የአገራችን ታሪክ ግን ከዕቃው ይልቅ ወደ ሰውየው አዘነበለ። የመንግሥት ትጋት ይበልጥ የታየው የራሱን ንብረት በማወቅ ሳይሆን የዜጋውን ስልክና ኮምፒውተር በማወቅ ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ የጸጥታ አካላት የዜጎችን የስልክ ጥሪ መረጃ ያለ በቂ የሕግ ቁጥጥር ያገኙ እንደነበር ጽፏል። አገልግሎት ሰጪው በወቅቱ አንድ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ስለነበር «ሌላ ዘንድ እሄዳለሁ» ማለት አይቻልም ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የቀፎ ምዝገባ መጣ። ቀድሞ ኔትወርክ ላይ የነበረው ስልክ ባለበት ተመዘገበ፤ ከዚያ በኋላ የመጣና ያልተመዘገበ ቀፎ እንዳይሠራ ተወሰነ። ኮንትሮባንድንና ስርቆትን መከላከል የሚለው ምክንያት ሐሰት አልነበረም፤ የተሰረቀ ስልክ በአይኤምኢአይ ሊዘጋ ይችላል። ሆኖም ዘመድ ከውጭ የላከለት ሰው በገዛ ስልኩ ለመናገር ደጅ ጠና። ግዴታው ብዙም ሳይቆይ ተነሣ። ምዝገባው ቀረ ማለት ግን ስልኩ ቁጥሩን መናገር አቆመ ማለት አይደለም።

የዚህ ታሪክ ሌላ ገጽ የበለጠ ያስተምራል። ከሩቅ «ማነህ?» ብሎ መጠየቅ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይሄድም። በ2012 እ.ኤ.አ. ፊንስፓይ የተባለውን የስለላ ሶፍትዌር የሚያጠኑ ተመራማሪዎች በዓለም ላይ ያሉ ሰርቨሮችን በኢንተርኔት ጠየቁ። የስለላው ሰርቨሮች ላልጠበቁት ጥያቄ «ሃሎ ሽቴፊ» የሚል ለየት ያለ መልስ ሰጡ፤ በዚያም ተለዩ። አንዱ የተገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። በቀጣዩ መጋቢት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ፣ የግንቦት 7 አመራሮችን ፎቶ እንደ ወጥመድ የተጠቀመ ፊንስፓይ በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ ካለ ሰርቨር ጋር እንደሚገናኝ አሳወቀ። ሰላዩ ራሱ ስሙን ተጠይቆ ተናገረ።

ስለዚህ ክርክሩ «ከሩቅ መለየት ይፍቀድ ወይስ ይከልከል?» መሆን የለበትም። መሣሪያ መልስ መስጠቱን አይተውም። መታየት ያለበት ጠያቂው ማን ነው፣ በየትኛው ሕግ ይጠይቃል፣ መልሱን የት ያስቀምጣል፣ ለስንት ጊዜ የሚለው ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ፈተናው አይኤምኢአይ ከሲም ካርድ ባለቤት ስም ጋር ሲገናኝ ቁጥሩን እንደ ሰው ማንነት መጠበቅ መቻሉ ላይ ነው። ወረዳው የራሱን ኮምፒውተሮች ሜሞሪ ድረስ ቆጥሮ ይወቅ፤ የሕዝብ ናቸውና ውጤቱንም ለሕዝብ ይንገር። የገበሬውን ስልክ ማንነት ለማወቅ የሚፈልግ ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ይምጣ። እስካሁን ያየነው የዚህን ግልባጭ ነው፤ የዜጋው ስልክ ሲቆጠር የመንግሥት ኮምፒውተር ግን በመጋዘን አቧራ ይጠጣል።