ቁልፉ የማነው? የካዛንቺስ በሮች አጭር ታሪክ

የአንድን ዘመን ሥልጣን ለማወቅ በሩ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። ማን ይገባል? ማን ይመለሳል? የሚያስገባው ምልክትስ በማን እጅ ነው? ቂርቆስና ካዛንቺስ ይህን ጥያቄ ከ80 ዓመት በላይ ሲመልሱ ኖረዋል፤ ዛሬም እየመለሱ ነው።

ከስሙ እንጀምር። ካዛንቺስ የመጣው «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው የጣሊያንኛ ስም ነው። ኢንቺስ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው ተቋም ምህጻረ ቃል ነበር። ሠፈሩ ለማን እንደተሠራ ስሙ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። የፋሺስቱ አስተዳደር ነጩንና ጥቁሩን በመኖሪያ የሚለይ የዘር ሕግ አውጥቶ ስለነበር፣ የዚያ ዘመን መግቢያ ካርድ የቆዳ ቀለም ነበር። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። ስሙ ግን ቀረ።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ቁጥር 47 ወረሰ፤ ቀበሌም በዚሁ አዋጅ መሠረት ተተከለ። ቤት ማከራየትና አቤቱታ መስማት ብሎ የጀመረው ቀበሌ፣ በ1969ኙ አሰሳ ወቅት በር እያንኳኳ የሚፈትሽ ክንድ ሆነ። የመኖሪያ መታወቂያም ከወረቀትነት አልፎ በሕይወት የመቆየት ጉዳይ ሆነ። ለአገልግሎት የተመዘገበ ስም ለሌላ ነገርም ሊውል እንደሚችል ይህች ከተማ ያወቀችው ያኔ ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ዓለም በቃኝ እስር ቤት ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ተሠራ። ቻይና 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥታ ሠርታ አስረከበች፤ ሕንፃው በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። ከስድስት ዓመት በኋላ ለሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ፣ የሕንፃው ኮምፒውተሮች መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ሲተላለፍ ነበር ብሎ ዘገበ። ቻይና አስተባብላለች፤ የኅብረቱም ኃላፊዎች በአደባባይ ዘገባውን አጣጥለዋል። የክሱ እውነትነት ይቆየን። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነበር፦ ሕንፃውን የተረከበ ሰው ቁልፉንም ተረክቧል ወይ?

ይህን ሁሉ ያነሣሁት በየሕንፃው መግቢያና ሊፍት አጠገብ ስለተሰቀለችው ትንሽ ጥቁር ሣጥን ለመናገር ነው። ባጅ ስናስጠጋላት ጢን ብላ በር የምትከፍተው ካርድ ማንበቢያ።

እሷም የራሷ ታሪክ አላት። በብዙ ቦታ እስከ ዛሬ የሚሠራው አሮጌው ካርድ በ125 ኪሎኸርዝ ሞገድ ይሠራል። ይህ ካርድ ምስጢር አያውቅም፤ ለጠየቀው ሁሉ ቁጥሩን ይናገራል። በርካሽ መሣሪያ በሰከንዶች ይገለበጣል። ቀጥሎ በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ማይፌር ክላሲክ መጣ፤ ገበያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ባለ 48 ቢት ምስጢራዊ ቁልፍ ስላለው ዓለም አመነው። እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 ተመራማሪዎች ሰበሩት። አምራቹ ኤንኤክስፒ የኔዘርላንድሱ ራድቦውድ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ጥናታቸውን እንዳያሳትሙ ፍርድ ቤት ቢሄድም ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኳርክስላብ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ፣ ከዚህ ካርድ ጋር ተመሳስሎ በሚሠራ አንድ የሻንጋይ ፉዳን ቺፕ ውስጥ የተቀበረ ስውር ቁልፍ አገኘ። አንዱ ቁልፍ የዚያን ዓይነት ካርድ ሁሉ ይከፍታል።

እንግዲህ ሕንፃዎቻችን የሚገዙት አዲሱ ማንበቢያ «ብዙ ቴክኖሎጂ» የሚባለው ነው፤ አሮጌውንም፣ አዲሱንም፣ አንዳንዱ ስልክንም ያነባል። ምክንያቱ አሳማኝ ነው። የ500 ሠራተኛ ካርድ በአንድ ሌሊት አይቀየርም። በአንድ ፎቅ ላይ ባንክ፣ በሌላው ኢንሹራንስ፣ ከዚያ በላይ የውጭ ድርጅት ሲከራይ ሁሉም የየራሱን ካርድ ይዞ ይመጣል። ማንበቢያው ለሽግግር ድልድይ ነው።

ችግሩ ድልድዩ ላይ ቤት ሠርተን መኖራችን ነው። በር የሚጠነክረው ከሚቀበላቸው ካርዶች በደካማው ልክ ነው። ለሥራ አስኪያጁ እንደ ዴስፋየር ያለ ጠንካራ ካርድ ሰጥተን፣ ያው ማንበቢያ የ125 ኪሎኸርዙን ካርድ እየተቀበለ ከቀጠለ፣ ሌባው ወደ ጠንካራው ካርድ አይሄድም። ሌላም ወጥመድ አለ፦ በርካሽ የተገጠመ ሥርዓት የጠንካራውን ካርድ ምስጢራዊ ክፍል ትቶ የውጭ መለያ ቁጥሩን ብቻ ያነባል። ያን ጊዜ የውዱ ካርድ ዋጋ ለስም ብቻ የተከፈለ ይሆናል። ከማንበቢያው ወደ መቆጣጠሪያው የሚሄደው ሽቦም ዊጋንድ በሚባለው አሮጌ መንገድ ከሆነ፣ ቁጥሩ ያለ ምንም መሸፈኛ ይጓዛል። ኦኤስዲፒ የሚባለው አዲሱ መንገድ መረጃውን መመስጠር ይችላል፤ የሚመሰጥረው ግን ገጣሚው ሲያበራው ነው።

«ለጊዜው» የሚለውን ቃል እኛ በደንብ እናውቀዋለን። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. ወጣ፤ ፋይዳ መጣ። ያም ሆኖ በብዙ ሕንፃ መግቢያ ዘበኛው መታወቂያችንን ተቀብሎ፣ ስማችንን በደብተር መዝግቦ፣ የእንግዳ ባጅ ሲሰጠን ቆይቷል። መታወቂያችን እስክንወጣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ደብተሩን ማን ያነበዋል? መቼ ይቀደዳል? ካርድ ማንበቢያው ይኸው ደብተር ነው፤ ልዩነቱ አለመርሳቱ ብቻ ነው። ማን በስንት ሰዓት ገባ፣ በስንት ሰዓት ወጣ፣ ሥርዓቱ ሊይዘው ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሕጉ ወደ ሕንፃው በር መውረድ አለበት።

ስለዚህ የሕንፃ ባለቤቶችም ተከራዮችም ከመፈረማቸው በፊት አራት ጥያቄ ይጠይቁ። አሮጌው ካርድ የሚዘጋበት ቀን በውሉ ላይ ተጽፏል? የካርዶቹን ምስጢራዊ ቁልፍ የሚይዘው ባለቤቱ ነው ወይስ አቅራቢው? ማንበቢያው የሚያነበው ምስጢሩን ነው ወይስ የውጭ ቁጥሩን? የመግቢያና መውጫው መዝገብ ስንት ቀን ይቆያል፣ ማንስ ያየዋል?

የካዛንቺስ ነባር ቤቶች ብዙዎቹ በኮሪደር ልማቱ ፈርሰዋል፤ በቦታቸው አዳዲስ በሮች ይቆማሉ። ይህች ከተማ በሯን ሌላ ሰው ሲቆልፍላትና ሲከፍትላት ምን እንደሚሆን ሦስት ጊዜ አይታለች። አራተኛውን ጊዜ በገዛ ገንዘባችን፣ በርካሽ ዋጋ ማስያዣ ላይ ፈርመን ባንገዛው ይሻላል።