ተጠባባቂው የጋዝ ሞተር፤ ከፓሪስ እስከ ቴክሳስ

በአንድ ከተማ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ ትልቁ ሆስፒታልና የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት የናፍጣ ጄኔሬተራቸውን አስነሥተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የመድኃኒት መደብሩ፣ ምግብ ቤቱ፣ የጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክና ሥጋ ቤቱ ግን ነዳጅ የሚያጠራቅሙበት ግቢም ሆነ ነዳጁን እየመረመረ የሚጠብቅ ባለሙያ የላቸውም። የተፈጥሮ ጋዝ በቧንቧ በሚዳረስባቸው የሰሜን አሜሪካ ከተሞች ብዙዎቹ ትንንሽ የንግድ ሕንፃዎች ለዚህ ችግር መፍትሔ ያደረጉት ከጋዝ ቧንቧው ጋር የተያያዘ ተጠባባቂ ጄኔሬተር ነው። ይህ መሣሪያ ያለፈበትን መንገድ መመርመር ለሙያችን ጠቃሚ ሆኖ እናገኘዋለን፤ የታሪኩ ፍሬ ነገር ሞተሩ ነዳጁን ከየትና በማን እጅ ያገኛል የሚለው ጥያቄ ነውና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጋዝ ሞተር ከልደቱ ጀምሮ የትንንሽ ሕንፃዎች አገልጋይ ነበር። ኤቲየን ሌኗር በ1860 በፓሪስ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት ሞተር ለመንገድና ለቤት መብራት ተብሎ ከድንጋይ ከሰል ተዘጋጅቶ በቧንቧ ይታደል በነበረው ጋዝ የሚሠራ ነበር። ሞተሩ የጋዙንና የአየሩን ድብልቅ ሳያምቅ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ያቀጣጥል ስለነበር ፍጆታው ከፍተኛ ነበር። ኒኮላውስ ኦቶና ኦይገን ላንገን በ1864 በኮሎኝ ከተማ ኩባንያ አቋቁመው የሠሩት ሞተር ይህን ፍጆታ በእጅጉ በመቀነሱ በ1867 በተደረገው የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። ኦቶ በ1876 ድብልቁን አስቀድሞ የሚያምቀውን ባለአራት ምት ሞተር ሠራ። ዛሬ በሱቆች ጓሮ የሚታዩት የጋዝ ጄኔሬተሮች የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው።

በዚያ ዘመን የእንፋሎት ሞተር ለመትከል ቦይለር፣ የከሰል መጋዘንና እሳት አንዳጅ ያስፈልግ ነበር። የቦይለሩ የመፈንዳት አደጋም ቀላል አልነበረም። የጋዝ ሞተር ግን የቧንቧውን መክፈቻ በማዞር ይነሣል፤ ሥራ ሲያበቃም ፍጆታው ያበቃል። ታዋቂው ጀርመናዊ የሜካኒክስ ሊቅ ፍራንትስ ሮይሎ ትንንሽ ሞተሮች አነስተኛውን የእጅ ባለሙያ ከትልልቅ ፋብሪካዎች ተጽዕኖ ያድናሉ ብሎ የተከራከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ዘመኑ አልረዘመለትም። ቶማስ ኤዲሰን መስከረም 4 ቀን 1882 በኒው ዮርክ የፐርል ጎዳና ጣቢያን ሥራ ካስጀመረ በኋላ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቀስ በቀስ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ተዘረጋ። ዳይናሞአቸውን በጋዝ ሞተር ያዞሩ የነበሩ ድርጅቶችም ኃይል ከማምረት ይልቅ መግዛቱ ረከሰላቸው። የግል ማመንጫ ሽቦው ወዳልደረሰበት ገጠር አፈገፈገ። የዊስኮንሲኑ የኮለር ኩባንያ በ1920 ለገበያ ያቀረበው 1,500 ዋት የሚያመነጭ የቤንዚን ጄኔሬተር የመብራት ማብሪያ ሲጫን በራሱ የሚነሣ ነበር። ለገበሬ ቤት የታሰበው ይህ ዘዴ በኋላ ለከተማው ተጠባባቂ ጄኔሬተር መሠረት ሆነ።

ሌላው መሠረት የተጣለው በጦርነት ምክንያት ነው። ከቴክሳስ ወደ ምሥራቁ ጠረፍ ነዳጅ ዘይት እንዲያደርሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የተዘረጉት ሁለት ታላላቅ ቧንቧዎች በ1947 ለግል ኩባንያ ተሸጠው የተፈጥሮ ጋዝ ማስተላለፊያ ሆኑ። በዚህና ተከትለው በተዘረጉት ቧንቧዎች ከከሰል የሚሠራው ጋዝ በተፈጥሮ ጋዝ ተተካ።

ኅዳር 9 ቀን 1965 ምሽት በካናዳ ኦንታሪዮ በአንድ የኃይል ጣቢያ የመከላከያ ሪሌ አንድ መስመር ሲቆርጥ መቋረጡ ከመስመር ወደ መስመር ተዛምቶ 30 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በጨለማ ተዋጡ። አንዳንድ አካባቢዎች መብራት ያገኙት ከ13 ሰዓት በኋላ ነው። ኃይል መግዛት የለመደው የከተማ ሕንፃ ሻጩ ሲጠፋ ምን ያህል ባዶ እጁን እንደሚቀር ያን ዕለት ታየ። በ1977 እና በ2003 የደረሱት ታላላቅ መቋረጦችም ይህንኑ አጠናከሩ።

የጋዙ ጄኔሬተር አሠራር ቀላል ነው። መቆጣጠሪያው የመስመሩን ቮልቴጅ ይከታተላል፤ ሲጠፋ ሞተሩን ያስነሣል፤ ማዛወሪያው ስዊችም ሕንፃውን ከከተማው መስመር ለይቶ በሴኮንዶች ውስጥ ከጄኔሬተሩ ጋር ያገናኛል። ጋዝ እንደ ናፍጣ በጋን ውስጥ ተቀምጦ አይበላሽም፤ በቦቴ የሚያመጣው ሰውም አይጠበቅም። በአንጻሩ ቧንቧውና ቆጣሪው ለማሞቂያው፣ ለምድጃውና ለጄኔሬተሩ በአንድነት ካልበቁ ሞተሩ ሙሉ ጭነት ሲያርፍበት ይደክማል።

ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በጥቅምት 2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲን በመታ ጊዜ ነው። በቤልቪው ሆስፒታል ጄኔሬተሮቹ በ13ኛው ፎቅ ላይ ሲሆኑ የነዳጅ ፓምፑ የነበረው በጎርፍ በተጥለቀለቀው ምድር ቤት ስለነበረ ነዳጁ በሰው እጅ በደረጃ ሲጋዝ አደረ። ብዙ ነዳጅ ማደያዎች መብራት አጥተው መቅዳት ተሳናቸው፤ ቤንዚንም በፈረቃ ተሸጠ። ከመሬት በታች የተቀበረው የጋዝ መረብ ግን ለጉዳት ተጋልጠው ጋዝ እንዲዘጋባቸው ከተደረጉት የባሕር ዳርቻ ሰፈሮች በስተቀር በአብዛኛው አገልግሎቱን አላቋረጠም።

በየካቲት 2021 ቴክሳስን የመታው ብርድ ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽታ አሳየ። የጋዝ ጉድጓዶችና መሣሪያዎች በረዶ ሲይዛቸው ምርቱ ወደቀ፤ በጋዝ የሚሠሩ የኃይል ጣቢያዎችም ነዳጅ አጡ። ጭነት ለመቀነስ ሲባል መስመሮች ሲቆረጡ የአንዳንድ ጋዝ ማምረቻዎችና ማጣሪያዎች መብራት አብሮ ተቆረጠ፤ ይህም የጋዙን እጥረት አባባሰው። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ኃይል አጡ፤ መንግሥት የመዘገበው የሟቾች ቁጥር 246 ደረሰ። ለትንንሽ ደንበኞች የሚያከፋፍለው መረብ በአብዛኛው ግፊቱን ጠብቆ ቢቆይም ሁለቱ መረቦች አንዱ በሌላው ላይ ምን ያህል እንደተደገፉ ግልጽ ሆነ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ ከዚህ አስቀድሞ ጥንቃቄ አድርጎ ነበር። የሰው ሕይወት የሚጠበቅበት የአደጋ ጊዜ ሥርዓት በሕዝብ ጋዝ ቧንቧ ላይ ብቻ እንዲመሠረት የሚፈቅደው፣ ጋዙና ኤሌክትሪኩ በአንድ ጊዜ የመቋረጣቸው ዕድል አነስተኛ መሆኑን የሚመለከተው ባለሥልጣን ሲቀበል ብቻ ነው። የሱቅ ማቀዝቀዣን ለማዳን የሚተከል ጄኔሬተር ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም።

በአገራችን የከተማ ሕንፃዎች የጋዝ ቧንቧ ስለሌላቸው ተጠባባቂ ኃይላቸው የተመሠረተው በናፍጣና በቤንዚን ላይ ነው። ጥያቄው ግን ያው ነው፤ የማደያው ፓምፕም የሚዞረው በኤሌክትሪክ ነውና። ስለዚህ መሐንዲሱ ለደንበኛው የኪሎዋቱን መጠን ከማስላቱ በፊት፣ መብራቱን የሚያጠፋው ምክንያት ነዳጁንም ያቋርጠው እንደሆነ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል። ከዋናው ጋር አብሮ የሚወድቅ መሣሪያ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን ተጠባባቂ ሊባል አይችልም።