ድርድርና ውል፤ የአንድ ቃል ታሪክ ከአምባሰል

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ በስተምሥራቅ ሁለት ሐይቆች ይቀርቡታል። አንዱ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት የሎጎ ሐይቅ ነው። ሁለተኛው ከዚያ ከፍ ብሎ በተራራ መካከል የተኛው አርዲቦ ነው። የአርዲቦ ትርፍ ውሃ በጅረት ቁልቁል ወርዶ ከታችኛው ሐይቅ ይገባል። መንገደኛው ጉዞውን ወደ ሰሜን ቢቀጥል ብዙም ሳይርቅ አምባሰል ውስጥ ከውጫሌ ይደርሳል። የዚህ ጽሑፍ መነሻ በዚያ አገር የተፈረመ አንድ ውል፣ በውሉም ውስጥ ያለ አንድ ቃል ነው።

አስቀድመን ግን በራሳችን ቋንቋ ስለ «ድርድር» ጥቂት እንበል። ደረደረ ማለት በረድፍ አስቀመጠ ማለት ነው። ግንበኛ ድንጋይ ይደረድራል፤ ባለ በገናም በገናውን ይደረድራል። ተደራደሩ ስንል ደግሞ ሁለት ወገኖች የየበኩላቸውን ነገር አቅርበው፣ አንዱን ከሌላው አስተያይተው፣ ለመስማማት ተነጋገሩ ማለታችን ነው። የድርድር ፍጻሜ ውል ነው። ውል የሚለውም ቃል ሌላ ፍቺ አለው፤ የልቃቂት ክር ጫፍ ውል ይባላል። ውሉ የጠፋ ልቃቂት በየት በኩል ቢስቡት ይብስ ይተበተባል እንጂ አይፈታም። የውጫሌም ነገር እንዲሁ ሆነ።

ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ ዙፋኑን ለመያዝ ይዘጋጁ ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ ከኢጣሊያ መልእክተኛ ከኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር 20 አንቀጽ ያለው ውል ተፈራረሙ። ውሉ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ የተጻፈ ሲሆን፣ 19ኛው አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የሚስማሙና እኩል ሥልጣን ያላቸው መሆናቸውን ይናገራል። ነገር ግን በ17ኛው አንቀጽ ላይ አልተስማሙም። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ኢጣሊያንኛው በዚህ ቃል ፈንታ «ኮንሴንቴ» ይላል፤ ይህም ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣሊያ በኩል ለመነጋገር ተስማምተዋል ማለት ነው።

ልዩነቱ ለጆሮ ጥቂት ይመስላል። «ይቻላቸዋል» የሚለው ምርጫን ለባለቤቱ ይተዋል፤ ቢፈልግ ይልካል፣ ባይፈልግ ይተዋል። «ተስማምተዋል» የሚለው ግን ምርጫው አስቀድሞ እንዳለቀ ይቈጥራል። የሮማ መንግሥት ይህን ስምምነት እንደ ግዴታ ተርጕሞ፣ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. የበርሊኑን ውል 34ኛ አንቀጽ በመጥቀስ ኢትዮጵያ በእርሱ ጥበቃ ሥር መሆንዋን ለኃያላን መንግሥታት አስታወቀ። ከዘውድ በዓላቸው በኋላ ምኒልክ ለኤውሮፓ ነገሥታት የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሲመጣላቸው፣ የእንግሊዝና የጀርመን መንግሥታት ጉዳዩ በኢጣሊያ በኩል መቅረብ እንዳለበት የሚያስረዳ ቃል አገኙበት። በገዛ አገራቸው ነጻ የሆኑት ንጉሥ ለመነጋገር የሌላ አፍ እንደሚያስፈልጋቸው የተረዱት ከውጭ በመጣ ወረቀት ነው።

ምኒልክ መስከረም 18 ቀን 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ በጻፉት ደብዳቤ የአማርኛውንና የኢጣሊያንኛውን ልዩነት ገልጠው እርማት ጠየቁ። አንቶኔሊም ተመልሶ መጥቶ እንደ ገና ድርድር ተጀመረ። እቴጌ ጣይቱ በዚህ ድርድር ጽኑ ተቃዋሚ ሆነው ቆሙ። ያን ጊዜ የተፈረመው የአማርኛ ጽሑፍም አንቀጹ መሰረዙን የሚናገር ነበርና፣ አንቶኔሊ ይህን የተረዳው ከፈረመ በኋላ ነው። በውጫሌ በትርጕም የተገኘው ብልጫ በአዲስ አበባ በትርጕም ጠፋ። አንቶኔሊ ተቈጥቶ ሄደ። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉ እንዲቀር መወሰናቸውን አስታወቁ።

የቃሉ ክርክር በቃል አላለቀም፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በደም ተፈታ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌው ውል ፈጽሞ ተሰረዘ፤ የኢትዮጵያም ሙሉ ነጻነት ታወቀ። ይህ ውል የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። በውጫሌ የቀረበው ሁለተኛ ቋንቋ የአንደኛው ተደራዳሪ የራሱ ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን ለሁለቱም የውጭ ሆነ።

የትርጕሙ ስሕተት በተንኰል ወይስ በቸልታ እንደ መጣ የታሪክ ጸሐፊዎች ተከራክረውበታል። ለእኛ ግን ከክርክሩ ይልቅ ትምህርቱ ይበልጣል። ሁለቱ ጽሑፎች እኩል ናቸው ብሎ መጻፍ እኩል አያደርጋቸውም፤ እኩል የሚያደርጋቸው ቃል በቃል ጎን ለጎን ደርድሮ የሚመረምር፣ ሁለቱን ቋንቋ አጣርቶ የሚያውቅ የአገር ሰው ነው። ተርጓሚ በድርድር ጉባኤ ላይ ከመካከል የሚቀመጥ ተራ አገልጋይ አይደለም፤ የልቃቂቱ ውል በእጁ ነው። የአርዲቦ ውሃ ወደ ታችኛው ሐይቅ ሲወርድ ያው ውሃ እንደሆነ ይወርዳል። ቃል ግን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲወርድ በመንገድ ሊለወጥ ይችላልና፣ ጠባቂ ያሻዋል።