ቀሚሳቸውን ያወለቁት አባቶች

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ወርደን ስድስት ኪሎ አካባቢ ስንደርስ፣ እንጦጦ ቴክኒክና ሙያ የምንለው ግቢ አለ። የድሮ ስሙ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1917 ዓ.ም. የከፈቱት። ስንቶቻችን ነን የካቶሊክ ካህናት እንደመሩት የምናውቅ?

እ.ኤ.አ. በ1945 ንጉሡ ትምህርት ቤቱን ከካናዳ ለመጡ ኢየሱሳውያን (ጄስዊቶች) ሰጡ። ነገሩ ቀላል አልነበረም! ከ300 ዓመት በፊት አፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ስብከት ካቶሊክ ቢሆኑ፣ አገር በደም ታጠበች። ልጃቸው አፄ ፋሲል ሰባኪዎቹን አባረሩ። ታዲያ ንጉሡ እንዴት ልጆች አደራ ሰጧቸው?

በቃል ኪዳን ነዋ! ስብከት የለም፤ የካህን ቀሚስም የለም። አባ ሉሲየን ማትና ባልደረቦቻቸው እንደ ማንኛውም መምህር ለብሰው አስተማሩ። ማት ቆየት ብለው እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ለካህን አለመስበክ ትልቅ ዋጋ ነው፤ ባሕር ያሻገረው እሱ ነዋ። እኛ ግን እምነትን በድምፅ ማጉያ መለካት ለምዶብናል። እነዚያ አባቶች የተዉልን ጥያቄ ይሄ ነው፦ አፋችንን ብንዘጋ፣ ሥራችን ስለ እምነታችን ምን ይናገራል?