አደግድጎ መቆም

አያቴ ሦስት ብሔራዊ መዝሙሮችን የሰሙ የደባርቅ ገበሬ ነበሩ። ለአንዳቸውም ግን ደረት ነፍተው፣ እጃቸውን ከጎናቸው አጣብቀው ሲቆሙ አላየሁም። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከደረሱ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በወገባቸው ያስሩና አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይቆማሉ። እኛ ተማሪዎቹ እንስቅ ነበር። «ተጠንቀቅ!» ሲባል ተረከዝ ገጥሞ መቆምን ተምረናልና የእርሳቸው አቋቋም ያላዋቂ መሰለን። አላዋቂው ማን እንደ ነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ማደግደግ የቆየ የአክብሮት ሥርዓት ነው። ሸማ እንደ ማዕረግና እንደ ሁኔታው በሚለበስበት አገር፣ በታላቅ ፊት የሚቆም ሰው ትከሻውን ገልጦ ወገቡን ይታጠቃል። «ለመታዘዝ ዝግጁ ነኝ» ማለቱ ነው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን መዝሙር ባይኖርም ነጋሪት ነበር። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ለአገረ ገዥዎች ሥልጣን ሲሰጥ ሰንደቅና ነጋሪት አብሮ እንደሚሰጥ ጽፏል። ለዓይን ሰንደቁ፣ ለጆሮ ነጋሪቱ መሆኑ ነው። (የአገሪቱ ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ሲመሠረት «ነጋሪት» የተባለው በከንቱ አይደለም።)

የሰልፍ ሙዚቃው የመጣው በኋላ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን አስመጡ፤ አርባ ልጆች የሚባሉት ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሰው ዜማ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይ ተሰማ። ከነሐስ መሣሪያው ጋር የወታደር አቋቋምም አብሮ የገባ ይመስለኛል፤ የሰልፍ ምት ያደገደገ ሰው አይፈልግምና።

ከዚያ ወዲህ ዜማው ሁለት ጊዜ ተለውጧል። የደርግን መዝሙር ግጥም አሰፋ ገብረማርያም ተሰማ ሲጽፉ ዜማውን ዳንኤል ዮሐንስ ሐጎስ ደረሱ። በ1984 ዓ.ም. የመጣው ደግሞ የደረጀ መላኩ መንገሻ ግጥምና የሰሎሞን ሉሉ ምትኩ ዜማ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 4 መዝሙሩ ምን ሊያንፀባርቅ እንደሚገባ ይናገራል፤ የሚሰማው ሰው እንዴት ይቁም አይልም።

አባቴ የሁለተኛው መዝሙር ወታደር ነበር። ሦስተኛው ሲዘመር ይቆማል፤ ከንፈሩ ግን አይንቀሳቀስም። ልጅ ሳለሁ ይህ ያሳፍረኝ ነበር። አንድ ቀን ለምን እንደማይዘምር ብጠይቀው፣ «ግጥሙን አላውቀውም፤ የቆምኩት ከእኔ ጋር ቆመው ለነበሩት ነው» አለኝ። ከእርሱ ጋር ከቆሙት ብዙዎቹ አልተመለሱም። ስለዚህ በየስብሰባው «እገሌ አልዘመረም፣ እገሌ እጁን ደረቱ ላይ አላደረገም» የሚል ክስ ስሰማ የአባቴ ዝም ያለ ከንፈር ይታየኛል። አያቴማ ለሦስቱም መንግሥታት ያው አንድ አቋቋም ነበራቸው፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ጋቢያቸውን ፈትተው፣ ተከናንበው ወደ እርሻቸው።

ባለፈው ጎንደር ውስጥ በአንድ በዓል ላይ መዝሙሩ ሲጀመር አንድ ሽማግሌ ከፊቴ ጋቢያቸውን አወረዱ። ከጎኔ የነበሩት ወጣቶች ሳቁ። እኔም ሳላስበው እጄን ወደ ትከሻዬ ሰደድኩ፤ የለበስኩት ግን የሥራ ኮቴን ነበር።