የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ መንገድና የወንዞች ወራት

ደሴት የሚባለው በባሕር የተከበበ ምድር ብቻ አይደለም። በታላቁ ውቅያኖስ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የዛጎል ደሴቶች በሩቅነታቸው ይታወቃሉ፤ ወደ እነርሱ የሚሄድ መርከበኛ ማዕበሉ የሚረጋበትን ወራት መርጦ ይነሣል። በኢትዮጵያ ደጋም እንደዚህ ያለ አገር አለ፤ የሚከበበው ግን በወንዝና በገደል ነው። በቀድሞው በጌምድር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ ከዚህ ዓይነት አገሮች መካከል ይቈጠራሉ።

የምድሩ አቀማመጥ ነገሩን ያስረዳል። በመካከል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ቆሟል፤ ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በሰሜን ተከዜ የላይ ጋይንትን ወሰን ይዞ ያልፋል፤ ስማዳን በምሥራቅ በኩል በሽሎ፥ በደቡብ በኩል ዐባይ ያዋስኑታል። በበጋ መንገደኛ በእግሩ የሚሻገረው ወንዝ በክረምት ሞልቶ ሰውንም ከብትንም ይወስዳል። ስለዚህ ለዚህ አገር ሰው ርቀት የሚለካው በቀን ጉዞ ብቻ አልነበረም፤ በወርም ይለካ ነበር።

ይህንንም ወር የቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ወስኖት ይገኛል። ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ከመስከረም 26 ጀምሮ መፀው ይገባል፤ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ደግሞ በጋ ነው። ነጋዴው፥ ተማሪውና ዘማቹ ጉዞአቸውን በዚሁ ዘመን ክፍል ያደላድሉ ነበር።

ከዘመቻዎች ሁሉ ይህን በግልጥ የሚያሳየው የዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ጉዞ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ የተነሡት እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በኦክቶበር 10 ቀን 1867 ነው፤ ይኸውም መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሆን ክረምቱ ከወጣ ገና አምስተኛው ቀን ነበር። በጋፋት የተሠራውና ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚገመተው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በሠረገላ ይጐተት ስለ ነበር፥ መንገዱ ደርቆ ሳይጸና መነሣት አይቻልም፤ ከዚያ መዘግየትም ከበጋው ቀን ማባከን ነበር። በጋይንት በኩል አልፈው የጨጨሆን ገደል ሲያሳልፉ፥ በኋላም የጅዳን ሸለቆ ሲያሻግሩ፥ ድንጋዩን እያስፈነቀሉ መንገድ ያስቈርጡ ነበር፤ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ እስረኞች ጽፈዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የተዘረፈው የበጌምድር ገበሬ ሸፍቶባቸው ስለ ነበር ስንቅም ረዳትም ከአገሩ አላገኙም። ብልህ መንገደኛ በጥቂት ሳምንት የሚጨርሰውን መንገድ ሲጨርሱ መፀው አልቆ በጋውም ሊያልቅ ተቃርቦ መጋቢት ደርሶ ነበር።

የእንግሊዝም ሠራዊት የተገዛው በዚሁ የወራት ሕግ ነው። ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ተነሥቶ ወደ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፥ ክረምት ሳይገባ ገብቶ መውጣት ግዴታው ነበር። ጅዳ በደረሰ ጊዜም ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ያስቈረጡትን መንገድ አገኘ፤ ጦሩም በዚያ ወርዶ ወጣ። በስቅለት ዕለት ሚያዝያ 3 ቀን በሽሎን ተሻግሮ በአሮጌ ላይ ተዋጋ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች አንድ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ወደ ባሕሩ ተመለሱ፤ ወንዞቹም ሳይሞሉ ከአገር ወጡ። ሴባስቶፖል ግን እስከ ዛሬ በዚያው በአምባው አለ። አንዱ ወገን በጋውን ሁሉ መንገድ በመሥራት ጨረሰው፤ ሌላው ወገን በተሠራው መንገድ ተጠቀመ።

ወንዙን በድልድይ ለማሸነፍ የተደረገው ሙከራም ረጅም ታሪክ አለው። ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘውና በሞጣ በኩል በዐባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። መካከሉ ከተሰበረ በኋላ ሰዎች በገመድ እየተጐተቱ ይሻገሩበት ነበር። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2002 ተጠገነ፤ ጥቂት ዓመት ሳይቈይ ግን ጐርፍ ወሰደው፤ በኋላ ከውኃው ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት።

ዳሩ ግን አገሩ ሩቅ የሚባለው ለሁሉ አይደለም። የጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ስለ ሆነች፥ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ የቆሎ ተማሪ ወንዙ ሲጐድል ወደ እርሷ ይጓዝ ነበር፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚያስመሰክር ደግሞ ወደ ዙር አባ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓክንሃም እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1955 ቤተ ልሔም ደርሶ፥ ክብ በሆነው ሕንጻ ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ተሸፍኖ አየ፤ ይህንንም በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ለውጭ ሊቃውንት አስታወቀ። ነገሩ ለእነርሱ አዲስ ግኝት ሆነ፤ በዚያ ሕንጻ ውስጥ ሲቆም የኖረው ካህንና ተማሪ ግን ያውቀው ነበር። ስለዚህ የሩቅነትን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ወደ ቦታው ማን እንደ ደረሰ ብቻ ሳይሆን፥ ከእርሱ በፊት በየዓመቱ ማን ይመላለስ እንደ ነበር መጠየቅ ይገባዋል።

በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ቻይናውያን ከወረታ እስከ ወልድያ የሠሩት መንገድ በንፋስ መውጫና በጨጨሆ ያልፋል። በዚህ መንገድ ዳር ያለው አገር ከዚያ ወዲህ በክረምትም ተደራሽ ሆኗል። ከመንገዱ ርቀው ወደ በሽሎና ወደ ዐባይ ቆላ የሚወርዱት ቀበሌዎች ግን በአብዛኛው የቀድሞውን የወንዝ ሥርዐት ይዘው ቈዩ። እንግዲህ በአንድ ወረዳ ውስጥ ሁለት ዓይነት የጊዜ አቈጣጠር ጐን ለጐን ይኖራል ማለት ነው፤ በዚህ አገር የገበያን፥ የጋብቻን ወይም የትምህርትን ታሪክ የሚመረምር ተማሪም የጠየቀው ሰው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልገዋል።